የሀብተማርያም ማንቂያ

መርማሪዋ የምስራች ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ወዳለው አፓርትመንት ስትደርስ ሀብተማርያም ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ነበር። የሞተ አይመስልም። አዲሱ ስልክ ደረቱ ላይ ተቀምጧል፤ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ክንዱ ላይ የተለጠፈችው የስኳር መለኪያ የላከችው ቁጥር ስክሪኑ ላይ በቀይ ይታያል።

ሟቹ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። ስኳር ሲወርድ ጮኾ የሚያነቃውን አፕ ከጓደኛው ከጊዲዮን ጋር የሠራው ራሱ ነው።

«ኢንሱሊኑን ተወግቶ፣ ምሳ እስካሞቅ ጋደም አለ» አለች ሚስቱ ሰርካለም። «እንቅልፍ ወሰደው። ሰሞኑን በሥራ ብዛት አልተኛም ነበርና ትንሽ ይረፍ አልኩ። ቢወርድበት ስልኩ ይጮኻል ብዬ።»

«ጮኸ?»

«እኔ አልሰማሁም።»

ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ የመጣው የሟቹ ወንድም ማቲያስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ኪችኑ እዚሁ አይደል እንዴ? ጥዬው እሄዳለሁ ስትል ነው የከረመችው። ሰምታ ነው ዝም ያለችው!»

ሰርካለም ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

የምስራች ጥግ ይዞ ወደሚያለቅሰው ጊዲዮን ዞረች።

«ይሄ አዲስ ስልክ ገበያ ላይ የወጣው ከተባለው ቀን ቀድሞ ነው አይደል?»

«አንድ ወር ቀድሞ። አፕ የሚሠራ ሁሉ ተደናገጠ። እኛም አፑን ለአዲሱ ስልክ በሩጫ አደረስን።»

«ቴስት ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሀብቴ ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ እሞክራለሁ። ጩኸቱ ሕንፃ ያነቃል።»

«አዲሱ ስልክ ላይ ስትከፍተው ድምፅ ለማሰማት ፈቃድ ጠየቀህ?»

«ጠየቀኝ፣ ፈቀድኩለት። እንደ ድሮው ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸውና ፈልጋ ያገኘችውን ያንኑ ዓይነት ሌላ አዲስ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የገደለው የስኳሩ መውረድ ነው፤ ሐኪሞቹ ተስማምተውበታል። የቀረው ጥያቄ ስልኩ ጮኾ ነበር ወይ የሚለው ነው። አሁን አፑን ስጭነው እዩ። ፈቃድ አልጠየቀም። የድሮው ስልክ ላይ ይጠይቅ ነበር። አዲሱ ደግሞ ያልተፈቀደለትን አፕ ድምፅ ያፍናል።»

ለሙከራ ከስልኩ ጋር ያያዘችውን መለኪያ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነከረች። ቁጥሩ ወረደ፤ ቀላ። ስልኩ ግን አልጮኸም።

«ሰርካለም ያልሰማችው ስላልጮኸ ነው። ጊዲዮን ግን ፈቃድ ጠየቀኝ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ እዚህ ስልክ ላይ ከፍቶት ቢሆን፣ እንደማይጠይቅ ያውቅ ነበር።»

ጊዲዮን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ስልኩ እጄ አልገባም ነበር። ሌሎች ሊቀድሙን ሆነ። ሀብቴ ‹ሞከርከው?› አለኝ። ‹አዎ› አልኩት። አመነኝ። አዲሱን በገዛበት ጠዋት የድሮውን አጠፋው።»

ማቲያስ ሰርካለም እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። እሷ ግን በእጇ ገታችው፤ ዓይኗን ከጊዲዮን አልነቀለችም።

«አፑ አሁንም ሰው ያወርደዋል?»

«አዎ።»

«ላፕቶፕህን ክፈትና አጥፋው፤ ላወረዱትም እንደማይጮኽ ጻፍላቸው። ለቅሶው ይደርሳል። ይሄን አምኖ የተኛ ሰው አለ።»

ጊዲዮን የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ሳተ። ሰርካለም አጠገቡ ተቀምጣ እስኪጨርስ ጠበቀችው። አፑ መጥፋቱን በዓይኗ ካየች በኋላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ማልቀስ ጀመረች።