ከቴምዝ ሥር ተሰማ የተባለው ፉጨት

ለንደን ባቡር ከምድር በታች ማስኬድ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ አሁን ደግሞ ከቴምዝ ወንዝ ሥር ትቆፍራለች። ካቦው ኤቤል ትራስክ ሞቶ የተገኘው እዚያ ነው፤ ከቀትር በኋላ፣ አናቱን በመዶሻ ተመቶ፣ ከዋሻው የብረት በር ውጭ። ከበሩ ወዲያ ወንዙ ጥሶ እንዳይገባ አየሩ ታምቋል። ሰው የሚያስገባውና የሚያስወጣው አየርላንዳዊው በረኛ ኮርማክ ብቻ ነው። ለንደን ደግሞ አየርላንዳዊ ካገኘች ሌላ ጥፋተኛ አትፈልግም፤ ወዲያው እጁ ላይ ካቴና ገባ።

«በሕይወቱ ነው ያስወጣሁት!» አለ ኮርማክ። «ለዋናው መሐንዲስ የምነግረው ጉድ አለ እያለ፣ እየተሳደበ ወጣ። በሩን ከውስጥ ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

ሚስቱ ብሪጂት ሕፃኗን እንደታቀፈች መርማሪው ፌንዊክ እግር ላይ ወደቀች። «ጌታዬ፣ ይሰቅሉብኛል! እባክዎ!»

ረዳት መሐንዲሱ ፔሊንግ ግን ረጋ ብሎ መሰከረ። «ስድስት ሰዓት ላይ ገብቼ ቁፋሮውን አየሁ። ትራስክ እያፏጨ ሲሠራ ትቼው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አብሮት የነበረው በረኛው ነው።»

«ውሸት ነው! እኚህ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ በእኔ በር አልፈው አያውቁም!» አለ ኮርማክ።

«ገመዱ የታየው ሰው ምን የማይለው አለ?» ብሎ ሳቀ ፖሊሱ።

ፌንዊክ አልሳቀም። ኮርማክ ካቴናው እንዳለ በሩን ከፈተለት፤ ሌላ የሚያውቀው የለማ። መርማሪው ሲገባ ጆሮው ሊፈነዳ ደረሰ። ሲጨንቀው ማፏጨት ልማዱ ነውና ከንፈሩን አሞጠሞጠ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቆፋሪዎቹ ሳቁበት።

«አይልፉ ጌታዬ! በዚህ አየር ፉጨት ብሎ ነገር የለም። አዲስ ገቢን ሁሉ አፏጭ እያልን የምንስቀው ለዚህ ነው።»

ፌንዊክ እንደወጣ ውጭ ያሉትን ሁሉ በሩ ፊት ሰበሰበ።

«ሚስተር ፔሊንግ፣ ትራስክ ያፏጨውን ዜማ እስቲ ያሰሙን።»

ፔሊንግ ግራ እየተጋባ አፏጨ።

«ጥሩ። አሁን ገብተን ይድገሙልን።»

ፔሊንግ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አይገቡም። እዚያ ውስጥ ማፏጨት እንደማይቻል የማያውቅ ሰው ገብቶ አያውቅም። ላይ መውረጃው ላይ የሚቆመው ዘበኛ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ሲወርዱ አይቶዎታል። ወርደው ካልገቡ የነበሩት እዚህ ነው፤ ሬሳው የተገኘበት። በየቀኑ ዋሻውን መረመርኩ ብለው ፈርመዋል፤ ትራስክ ሊያጋልጥ የወጣው ይህንኑ ነው። ምን አይቶ ነበር?»

«ያ በር ሲዘጋ... አልችልም! እፈራለሁ!» ፔሊንግ ተንሰቀሰቀ። «የጣሪያው ብረት ተሰንጥቋል አለኝ። አትናገርብኝ ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ።»

ሁሉም ክው አሉ። ውስጥ አሥራ ሰባት ሰዎች አሉ።

ፌንዊክ ካቴናውን ሲፈታ ብሪጂት የባሏን እጅጌ ጨመደደች። «አትግባ! አሁን ገና ነው ያገኘሁህ!»

«ማን ይከፍትላቸዋል ታዲያ?»

ገባ። አየሩ ቀስ ተብሎ ካልተለቀቀ ሰው ይሞታልና ሦስት ሦስቱን፣ እየጠበቀ አወጣቸው። ብሪጂት እየቆጠረች ትጸልያለች። አሥራ ሰባተኛው ሲወጣ ከበሩ ወዲያ ወንዙ ያገሳ ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ኮርማክ እስከ ወገቡ ርሶ ብቅ አለ።

ብሪጂት ሕፃኗን ለፌንዊክ አስታቀፈችው፤ ባሏን በጥፊ አላሰችውና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።