ሰማያዊው ሜዳ

ካርታ በእጅ ተሥሎ በማኅተም በሚጸድቅበት ዘመን፣ ክረምቱ በወጣ በሳምንቱ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ለምለም መስሎ ይታይ ነበር፤ መምሰሉም ለሀገረ ገዥው በቂ ነበር። የወንዝ ዳር አትክልተኞች ለገዥው መናፈሻ ቦታ ለቀው በሜዳው እንዲሰፍሩ ታወጀ፤ ከሚነሡትም አንዷ የካርታ ሹሙ ታላቅ እህት፣ ሽንኩርት አብቅላ ልጆቿን የምታሳድግ መበለት ነበረች።

ሹሙ የሜዳውን ጉድጓዶች ሲመረምር የከረመው እንዲሰምጥ የእርሳስ ክብደት በታሰረበት ጠርሙስ ነው፤ አፉን ወትፎ እስከ ወለሉ ያወርደውና ውታፉን በሌላ ገመድ ይነቅለዋል። የዝናቡ ውኃ ከላይ ተንሳፎ ይጣፍጣል እንጂ የሥሩ ጨው ጨው ይላል። በካርታውም ጣፋጩን በሰማያዊ፣ ጨዋማውን በቡኒ ቀባ፤ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ቡኒ ሆነ።

ገዥው ቡኒ አልወደዱም። መኳንንቱን አስከትለው ወርደው፣ ከአንዱ ጉድጓድ ላይ ላዩን በብር ዋንጫ አስቀድተው ጠጡ፤ መኳንንቱም ሳይቀምሱ ስለ ጣዕሙ መሰከሩ።

«ጌታዬ የጠጡት የክረምቱን ነው» አለ ሹሙ፤ «ሰፈሩ በሙሉ መቅዳት ሲጀምር የሥሩ ይመጣል።»

«እኔ ከጠጣሁት ይልቅ ያንተ ጠርሙስ የጠጣው ሊታመን ነው?»

ሹሙ ሰማያዊ አልቀባም በማለቱ ማኅተሙን ተቀምቶ ታሰረ፤ ለሕዝቡ ግን ለሥራ ሩቅ አገር ተልኳል ተባለ። የአዳራሹን ጣሪያ የሚያስጌጠው ሠዓሊ ተጠርቶ ሜዳውን ሰማይ አስመሰለው፤ በግርጌው የሹሙ ማኅተም ተመታበትና በአደባባይ ተሰቀለ።

ሹሙ በበጋው ሲፈታ በቀጥታ ወደ ሜዳው ሄደ። የእህቱ መደብ ነጭ ጨው አብቅሎ፣ ሽንኩርቱ ከነሥሩ አሯል። እሷም ሰላም ሳትለው ከእንስራው በጣሳ ቀድታ ሰጠችው።

«እንካ፣ ሰማያዊህን ቅመስ» አለችው። «ወንድሜ ካተመበት ምን ያስፈራችኋል ብዬ ጎረቤቶቼን ሁሉ ጎትቼ ያመጣሁ እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ እኔ የቀባሁት ቡኒ ነበር።»

«እሱን ለሽንኩርቱ ንገረው።»

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ሰፋሪዎቹ በስንፍናቸው ሜዳውን ጥለው ተበተኑ ብሎ ጽፏል፤ በመናፈሻው የተተከሉትን ጽጌረዳዎች ግን በየዓይነታቸው ዘርዝሯል። ካርታውም መስታወት ለብሶ ዛሬ ድረስ ተሰቅሏል፤ የሚያየው ሁሉ የሰማያዊውን ውበት ያደንቃል፤ ቅመሱ የተባለ ግን የለም።