ደሪቱን ማን ሰረዛት?

አለቃው ጓድ ወልደጻድቅ በዚያ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ የኮምፒውተር ክፍሉን በር ሲከፍቱ ላጲሶ እጁን ከመተየቢያው ላይ አንስቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ላጲሶ፣ እነዚህን ደግሞ ቀንስ።»

«ጠዋት ያመጡት የመጨረሻው ነው ብለውኝ ነበር እኮ፣ ጓድ።»

«ጠዋት የመጨረሻው ነበር። አሁን ደግሞ ይኼ ነው።»

በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደረጉበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

ጊዜው የ1980 ክረምት ነው። መሥሪያ ቤቱ ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ለትምህርት ወደ ሞስኮ የሚላኩት ሠራተኞች ስም ዝርዝር ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ እንዳለ አድሮ አያውቅም። አንዱ በሐኪም ምርመራ ይወድቃል፣ አንዱን አለቃው አልለቅም ይላል፣ ሌላው ራሱ ይቅርብኝ ይላል።

ላጲሶ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ትዕግሥተኛ ነው ይሉታል፤ እሱ ግን ሌላ ምርጫ ስለሌለው እንደሆነ ያውቃል። ስም በመጣ ቁጥር ፋይሉን ከፍቶ እየፈለገ መሰረዝ ሲታክተው፣ ሼል በሚባለው የትዕዛዝ ቋንቋ አንዲት አጭር ጽሑፍ አዘጋጀ። የሚወጣው ሰው ተራ ቁጥር ሲሰጣት፣ በዚያ ቁጥር ላይ ያገኘችውን መስመር ከዝርዝሩ ታጠፋለች። እስከዚያ ቀን የሚመጣላት አንድ አንድ ስም ብቻ ስለነበር አላሳፈረችውም።

ቁጥሮቹን የምታነብለት ደሪቱ ነበረች፤ የሠራተኛ አስተዳደር ባልደረባ። ሰኔ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክፍሉ ስትገባ ጃንጥላዋን እያራገፈች፣ «ሰው የሚያጠፋው ማሽን ይኼ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ስም ነው የሚያጠፋው። ሰው አይነካም።»

«እኛ ቢሮ እኮ ስሙ ከጠፋ ሰውየውም ጠፋ ማለት ነው» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ማንም ሊያነበው የሚችለውን ቁጥር እሷ ብቻ እየመጣች ታነብለታለች። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም።

የእሷም ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ ነገር ግን አያወሩም። ባለፈው ማክሰኞ አውቶቡስ ሲጠብቁ ላጲሶ አፉ አምልጦት «ባትሄጂስ?» አላት። ደሪቱ ዞር ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ሳትመልስለት አውቶቡሱ መጣ።

ጓድ ወልደጻድቅ ለሦስተኛ ጊዜ በመጡበት ዕለትም ደሪቱ ገብታ የተዉትን ወረቀት አንስታ አነበበች። «አራት፣ አስመረት። ዘጠኝ፣ ዳጪ። ሃያ አንድ፣ ሐጎስ።» ላጲሶ ሦስቱንም ቁጥሮች በአንድ ላይ ሰጥቶ አዘዘ። ዝርዝሩ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመታበት፤ አንድ ቅጂም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

«ጓድ ላጲሶ!»

ደሪቱ ጓድ ብላው አታውቅም።

«ምን ሆንሽ?»

«ምን ሆንሽ ትለኛለህ? ሰሌዳው ላይ ስሜ የለም!»

«አይሆንም። ቁጥሮቹን ያነበብሽልኝ ራስሽ ነሽ።»

«እኮ! እኔ ያነበብኩት ሌላ፣ አንተ የጻፍከው ሌላ። ማክሰኞ ባትሄጂስ አልከኝ፤ ዝም ብልህ በጣትህ አስቀረኸኝ።»

«ደሪቱ፣ በእግዚአብሔር...»

«ማሽኑ ነው እንዳትለኝ ብቻ!»

ማሽኑ ነው ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። መልሶ ዘጋው።

«ከአራብሳ እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘሁ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል። አሁን ምን ልበለው? አንድ ልጅ ወደደኝና ሰረዘኝ ልበለው?»

ሁለቱም ደነገጡ። ያ ቃል በመካከላቸው ተነግሮ አያውቅም። ደሪቱ ፊቷ ቀላ፣ በሩን በላዩ ላይ ዘግታ ሄደች።

ላጲሶ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ዳጪ እየሳቀ ገባ። «ወንድሜ፣ ላገባ ነውና ቀሪ ነኝ ብዬ ፈርሜላችሁ፣ በግድ ሞስኮ ትልኩኛላችሁ? እጮኛዬ ሰሌዳውን ብታይ ትገድለኛለች እኮ!»

ላጲሶ የድሮውንና የአዲሱን ዝርዝር ጎን ለጎን ዘረጋ። አስመረት በትክክል ወጥታለች። እሷ ስትወጣ ግን ከበታቿ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ መስመር ከፍ ብለዋል፤ ዘጠነኛው ዳጪ ስምንተኛ፣ አሥረኛዋ ደሪቱ ዘጠነኛ ሆኑ። ከዚያ ያቺ የላጲሶ አጭር ጽሑፍ እንደታዘዘችው ዘጠነኛውን አጠፋች። በሐጎስም ፋንታ ሌላ ምስኪን ሄዷል። ከፊት አንድ ሰው ሲወጣ የኋላው ፈቀቅ እንደሚል የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ላጲሶም ያውቅ ነበር፤ ሲጽፍ ግን አላሰበውም። ከታች ቢጀምር ኖሮ የሚወጣው ሰው ከበላዩ ያለውን ማንንም ባላነቃነቀ።

በራሱ ተናደደ። የበለጠ ያናደደው ግን ቀጥሎ የመጣበት ሐሳብ ነው። ዝርዝሩ ከሰዓት በኋላ ይላካል። ዝም ቢል ደሪቱ ትቀራለች፤ የተመኘው ሁሉ ሳይደክምበት ሆነለት ማለት ነው።

ተነስቶ ወደ ጓድ ወልደጻድቅ ቢሮ ሄደ።

«ማኅተም ተመትቶበታል፤ አልቋል» አሉት ቀና ሳይሉ።

«ስሕተት አለበት፣ ጓድ።»

«ማሽን አይሳሳትም እያልክ ያደነቆርከኝ አንተ አይደለህም?»

«ማሽኑ አልተሳሳተም። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ተነስተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ ልጄ፣ በጽሑፍ ካላመጣህ ማኅተሙን ማንሳት አልችልም። በጽሑፍ ካመጣህ ደግሞ አሻጥር ነው የሚል አይጠፋም። አሻጥር ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷ ዘንድሮ ብትቀር ምን ትሆናለች? ለከርሞ ትሄዳለች።»

«ለከርሞ የሚሆነውን ማን ያውቃል? ወረቀት ይስጡኝ።»

«ደረቅ!» አሉ፤ ወረቀቱን ግን ሰጡት። ላጲሶ ቆሞ ጻፈ፣ ፈረመ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ተመልሶ በድሮው ዝርዝር ላይ ቁጥሮቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ አድርጎ እንደገና አዘዘ። ማተሚያው እየጮኸ አዲሱን ዝርዝር ሲያወጣ የደሪቱ ስም በቦታው ነበር። ላጲሶ ስሟን አይቶ ወረቀቱን ቶሎ አጠፈው።

ለደሪቱ የነገሯት ጓድ ወልደጻድቅ ራሳቸው ናቸው። ኮሪደር ላይ አስቁመው፣ «ያ ግትር ልጅ ጨረሰኝ! አንቺን እልካለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጥፋተኛ ነኝ ሲል ፈረመ። አሁን እሱን ለማዳን ማን ማን ዘንድ እንደምሮጥ እኔ ነኝ የማውቀው» አሏት።

ከሥራ ሲወጡ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አገኘችው። ዝናቡ ይወርዳል። ጃንጥላዋን ወደ እሱ ዘንበል አደረገች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማሽኑ ነው እንዳትለኝ አልሽ።»

«ኤጭ! እንዴት ያለህ አድካሚ ሰው ነህ። ዝም ብትል እኮ እቀር ነበር።»

«ትቀሪ ነበር። ለእኔ ብለሽ ግን አይደለም።»

አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። ማናቸውም አልተሳፈሩም።

«እሑድ ሽማግሌ ላክ» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«ሰምተሃል። ሳልጠየቅ ከሄድኩ፣ ስመለስ አባቴ ለሌላ ቃል ሰጥቶ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ዘመዶቼ ሁሉ ሆሳዕና ናቸው። ሽማግሌ ከየት አመጣለሁ?»

«ጓድ ወልደጻድቅን ላካቸው።»

«አብደሻል? ሲረግሙኝ ነው የዋሉት!»

«ይርገሙህ። ዛሬ ያደረግከውን ግን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሰኞ ጠዋት ጓድ ወልደጻድቅ የኮምፒውተር ክፍሉን በር በእግራቸው ገፍተው ገቡ። በእጃቸው ወረቀት አልነበረም። ላጲሶና ደሪቱ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«የአራብሳ ጭቃ ሰው ይውጣል! ጫማዬ እዚያው ቀርቶ ነበር።» በማስጠንቀቂያና በደሞዝ ቅጣት ብቻ በተረፈው በላጲሶ ላይ አፈጠጡ። «አባትሽ አቶ ጃራ በወጉ መሠረት ‹እናስብበት፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ› አሉን። ‹ወጉን አውቃለሁ፤ ግን በዚህ ጭቃ ሁለተኛ አልመለስም፣ ካልሰጡን እዚሁ አድራለሁ› ብዬ ቁጭ አልኩ።»

«እና?» አለች ደሪቱ፣ እጇ የወንበሩን ጀርባ ጨብጦ።

«እና ምን? አባትሽ እስኪደክማቸው ሳቁ። መስከረም ላይ ትሄጃለሽ፤ ስትመለሺ ሠርግ ነው» አሉና፣ ደስ ማለታቸው እንዳይታወቅባቸው በሩን በኃይል ዘግተው ወጡ።