ዛጉራ ምድጃዋን ያጠፋችበት ዘመን

ንጉሥ አርማንዮስ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ የመረብ ቡራኬ በሚከበርበት ማለዳ፣ ነጫጭ የባሕር ወፎች ከሰማይ ረገፉ። በወደቡ ደረጃ ላይ፣ በቤተ መንግሥቱ አደባባይ፣ በተጠቀለሉት ሸራዎች ላይ እንደ በረዶ ወረዱ። ዝማሬው በድንገት ተቋረጠ። ጠላቂው ሽማግሌ ጎርባ ከወደቁት አንዷን አንስቶ ሆዷን በቢላ ከፈተው። አንዲት የዓሣ አጥንት እንኳ አልነበረበትም።

«በረሃብ ነው የሞቱት» አለ። «ባሕሩ ባዶ ሆኗል።»

ይህን ለመስማት የዛጉራ ሕዝብ አልተዘጋጀም ነበር። ዛጉራ በሁለት ነገር የምትኮራ አገር ናት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ዳርቻዋ በሚጎርፈው ብርማ ዓሣና በሦስት መቶ ምድጃዎቿ። በምድጃዎቹ ውስጥ የጥንት ጠቢባን የለኮሱት አስማተኛ እሳት ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ነዷል። በእርሱ የነሐስ ግንቦቿ ቀልጠው ተሠሩ። ጭሱም በሰማይዋ ላይ እንደ ቡናማ ብርድ ልብስ ተዘርግቶ ኖረ።

በዚያው ቀን ሸንጎ ተሰበሰበ። የንጉሡ አማካሪዎች ዓሣውን በአስማት የሰረቁት በሰሜን ያሉት የኖራም ሰዎች ናቸው ብለው ማሉ። ማስረጃም አላቸው፤ ብርማው ዓሣ በኖራም ውሃ ውስጥ ሲዘል ታይቷል። ንጉሡ ሰይፉን ከሰገባው መዝዞ ጦር ይክተት ሊል ሲል አንዲት ወጣት ከሕዝቡ መካከል ወጥታ እጅ ነሣች። ማዕዶት ትባላለች። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነው። አባቷ በማዕበል ከሞተ ወዲህ «ጽናት» የተባለችውን ጀልባ የምትመራው እርሷ ናት።

«ጃንሆይ፣ ዓሣው አልተሰረቀም። ሸሽቶ ነው» አለች።

«ዓሣ አገሩን ጥሎ ይሸሻል?»

«የሚበላው ካጣ፣ ቤቱም ከሞቀበት ማን አይሸሽም? ልጅ ሳለሁ ክንዴን ባሕሩ ውስጥ ነክሬ እስከ ሠላሳ መቁጠር አልችልም ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዛሬ ውሃው ለብ ብሏል። ኖራምን ብንወጋ ሰው እንገድላለን እንጂ ባሕሩን አናቀዘቅዘውም። አርባ ቀን ይስጡኝ። ወደ ሌዋን ወርጄ እውነቱን ይዤ እመለሳለሁ።»

ሸንጎው አጉረመረመ። ሌዋን በጥልቁ የምትኖር፣ ከደሴት የምትገዝፍ ጥንታዊት ፍጥረት ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ ከሥር ተነሥታ ባሕሩን ታማስለዋለች ይባላል። ካዩዋት ግን አሥር ዓመት አልፏል።

ንጉሡ ሰይፉን ወደ ሰገባው መለሰ። «አርባ ቀን ሰጥቼሻለሁ። ፊታውራሪ ዛርኬል አብሮሽ ይሄዳል። አንቺ ከዋሸሽ እርሱ ይመሰክራል።»

ዛርኬል የምድጃዎቹ ጠባቂ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠውን፣ እናት ምድጃ የሚባለውን የለኮሱት ቅድመ አያቶቹ ናቸው። ወደ ጀልባዋ ሲገባ ማዕዶትን ቀና ብሎ አላያትም። ሦስተኛው ተጓዥ የእናቷ ወንድም ጎርባ ነው።

በአምስተኛው ቀን ውሃው እንደ መስተዋት ጠራ። ዛርኬል ከጀልባዋ ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ተደነቀ። «እንዲህ ያማረ ባሕር አይቼ አላውቅም።»

«ውበት አይደለም፣ ፊታውራሪ» አለ ጎርባ። «ጤነኛ ባሕር አረንጓዴ ነው። ዓይን የማያያቸው ቅጠሎች ይንሳፈፉበታል። ቅጠሉን ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ ባለ ብዙ እግር ፍጥረት ይበላዋል፣ ሽሪምፑን ብርማው ዓሣ፣ ብርማውን ዓሣ ደግሞ ቱና የሚባለው ትልቅ ዓሣ፣ ወፉና እኛ። ቅጠሉ የሚበቅለው ከጥልቁ በሚወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አሁን ሙቁ ውሃ ከላይ እንደ ክዳን ተኝቶበታል። ይህ የሚያዩት ጥራት የረሃብ ጥራት ነው።»

 ዛርኬል ያን ቀን በሙሉ ውሃውን ሲያይ ዋለ።

በማግሥቱ ሙቀቱ ያረባቸው፣ አጥንት የሌላቸው ተናዳፊ ፍጥረታት እንደ ንፍሮ ተግተልትለው ጀልባዋን ከበቧት። ጀልባዋን የሚያዞረው መሪ በእነርሱ ተተብትቦ ተያዘ። ማዕዶት ቢላ ይዛ ልትወርድ ስትል ዛርኬል ቀደማት። እስከ ወገቡ ገብቶ መሪውን ነፃ ሲያወጣ ክንዶቹ እሳት እንደላሰው ሰው ተላጡ። ማዕዶት ቁስሉን በሆምጣጤ እያጠበች «ለምን ገቡ?» አለችው።

«ጀልባዋን የምትነጂው አንቺ ነሽ። እኔ ክንድ ባጣ መንገዳችን አይቋረጥም» አላት።

በዘጠነኛው ቀን የኖራም ጀልባዎች መንገድ ዘጉባቸው። ጦር የያዙ ሰዎች ተሰለፉ። ዛርኬል እጁን ወደ ሰይፉ ሰደደ፤ ማዕዶት ግን ባዶ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቆመች።

«የዛጉራ ልጆች ነን። ዓሣችንን ፍለጋ መጣን።»

ከመካከላቸው አንዲት የሸበተች ሴት ሳቀች፤ ሳቋ ግን መራራ ነበር። «ውሰዱልን! ዓሣችሁ እንደ መንጋ ጎርፎ የእኛን ዓሣ እንቁላል ጨረሰው። የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣችን ከዚህ ወዲያ የሚሸሽበት የለውም፤ ከኋላው በረዶ ነው፣ በረዶውም እየቀለጠ ነው። ሌቦች መስለንሽ ከሆነ ግቢና ጎተራችንን እይ።»

ዛርኬል እጁን ከሰይፉ ላይ አነሣ። ኖራሞች መንገዱን ከፈቱላቸው፤ ሌዋን ወደምትተኛበት ገደል የሚወስደውንም አቅጣጫ አሳዩዋቸው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ከገደሉ በላይ ሲደርሱ፣ ጎርባ የጠላቂዎችን የትንፋሽ ዛጎል በማዕዶት አንገት፣ ገመድም በወገቧ ላይ አሰረ፤ የጥንቱንም ቃል ደገመበት። «እኔ ብወርድ በወደድሁ፤ ሳንባዬ አይችልም። ገመዱን ግን ከእኔ እጅ የሚያስለቅቀው የለም» አላት። እርሷም ድንጋይ አቅፋ ሰጠመች።

ሙቁን ውሃ አለፈች። ከዚያ ብርዱ እንደ ስለት ገላዋን ቆረጠው። በጨለማው ውስጥ ሐይቅ የሚያህል ዓይን ተከፈተ፤ ድምፅም በጆሮዋ ሳይሆን በአጥንቷ ውስጥ ተናገረ።

«የሰው ልጅ፣ አሥር ዓመት ልነሣ ሞከርሁ። ከላይ ያለው ሙቀት ቆዳዬን ያቃጥለዋል። የጭሳችሁ ብርድ ልብስ ፀሐይን ባሕሩ ውስጥ አስሯታል። እሳታችሁን አጥፉ።»

«ብናጠፋ ዛሬውኑ ትነሺያለሽ?»

«አልዋሽሽም። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ባሕሩ ሙቀቱን ለዓመታት ይይዛል። የቀሩትን ዓሦች ካልጨረሳችኋቸው፣ ከታገሣችሁም፣ እነሣለሁ። መታገሥ የምትችል አገር አለችሽ?»

ማዕዶት በሕዝቧ ስም መልስ መስጠት ነበረባት። «አለችኝ» አለች።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን በንጉሡ ፊት ቆሙ። ማዕዶት ያየችውን ስትናገር የሸንጎው መኳንንት ጮኹ፤ «ምድጃዎቻችን ክብራችን ናቸው! የሚፈሩን በነሐሳችን ነው!» አሉ። ንጉሡ ወደ ዛርኬል ዞረ።

ዛርኬል የተላጡ ክንዶቹን ዘርግቶ ተንበረከከ። «ጃንሆይ፣ ያንን እሳት የለኮሱት አባቶቼ ናቸው። ሲለኩሱት ክፉ አላሰቡም፤ አገር ሊያበሉ ነበር። ዛሬ ግን አገር የሚበላው እርሱ ነው። ልጅቷ እውነት ተናግራለች። የሠሩትን መተው የሚችሉ ትልልቅ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ዛጉራም ትንሽ አገር አይደለችም።»

 አርማንዮስ ከዙፋኑ ወርዶ ዘውዱን በእጁ ያዘ። «በአባቶቼ አጥንት፣ በልጆቼም ሕይወት እምላለሁ፤ ዛጉራ እሳቷን በገዛ እጇ ታጠፋለች። ማንም አላስገደደንም። ይህ ይጻፍ።»

ሕዝቡ ወጣ። ቀጥቃጩ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ መነኩሴው፣ ወታደሩ ከባሕር እስከ ተራራ ተሰልፎ እንስራ ተቀባበለ። በሰባት ቀን ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ምድጃዎች ጠፉ። እናት ምድጃ ግን ውሃ ሲደፉባት ይበልጥ ነደደች። አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ከሆዷ ውስጥ ያለውን፣ ባሕሩን ወደ ውስጥ የሚያስገባውን በር መክፈት። የሚከፍተው ሰው አይወጣም።

ማዕዶት እርጥብ ብርድ ልብስ ተከናንባ ወደ በሩ ስትሮጥ ዛርኬል ትከሻዋን ያዛት።

«ልቀቁኝ! ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ!»

«እኅቴ፣ አንቺ ባሕሩን ታውቂዋለሽ። እኔ እሳቱን አውቀዋለሁ። ነገ ሕዝቡ የሚፈልገው ባሕሩን የሚያውቅ ሰው ነው።» ብርድ ልብሱን ከላይዋ ወስዶ ተከናነበው። «እናቴን አደራ» ብሎ ገባ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምድር ተንቀጠቀጠች። ነጭ እንፋሎት እንደ ግንብ ወደ ሰማይ ተነሣ። ሲበተን የእናት ምድጃ አፍ ጥቁር ነበር። ጎርባ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ማዕዶት ግን ሰው ሁሉ እስኪበተን ድረስ ቆማ ዋለች።

ባሕሩ ወዲያው አልቀዘቀዘም። ንጉሡ ዓሣ በሚራባበት ውሃ ሁሉ መረብ እንዳይጣል ዐወጀ፤ ማዕዶትም የባሕር ጠባቂ ሆነች። ሦስት ዓመት ሙሉ ዛጉራ ገብስና ምስር በላች። ሕፃናት ከሱ፤ አንዳንዱም ቤተሰብ ተሰደደ። ማዕዶት አንድ ጎረቤቷ በስውር የጣለውን መረብ ስትቆርጥ ሰውየው ፊቷ ላይ ተፋ። ፊቷን ጠርጋ ወደሚቀጥለው ወሽመጥ ቀዘፈች። ብዙው ሕዝብ ግን መረቡን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጠበቀ።

በአራተኛው ዓመት በጠራራ ፀሐይ ሌዋን ተነሣች። ጀርባዋ እንደ ተራራ ከአድማስ ወጣ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ከጥልቁ ተከትሏት ፈለቀ። በወሩ ባሕሩ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ሽሪምፑ፣ ከዚያም ብርማው ዓሣ መጣ።

በዛጉራ የመጀመሪያው ዓሣ የንጉሥ ነው። አርማንዮስ ግን አልበላውም። በሰሌን ይዞ፣ ማዕዶትንና ጎርባን አስከትሎ፣ በእግሩ ወደ ዛርኬል እናት ወደ ወይዘሮ ዮዲሳ ቤት ሄደ። አሮጊቷ በደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። ንጉሡ ጎንበስ ብሎ ዓሣውን በፊታቸው አስቀመጠ።

ወይዘሮ ዮዲሳ ዓሣውን ሳይነኩ ወደ ማዕዶት ዞሩ። «ልጄ፣ መረቡን ስታወጪ ትንንሾቹን ምን አደረግሻቸው?»

«መልሰን ለቀቅናቸው፣ እማማ። አንድም ሳይቀር።»

አሮጊቷ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወገባቸውን አቀኑ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«እንግዲያው የልጄን ሥራ አውቃችሁለታል» አሉ። «ግቡ፣ ጃንሆይ። እሳት እኔ አነዳለሁ፤ ትንሽ፣ ለአንድ ዓሣ የምትበቃ። አብረን እንበላለን።»