የሙጫ ቀለሟ ሳይደርቅ

ባንታየሁ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ሲደርስ ጃፓናዊቷ የሳዮ አስከሬን ከተነሣ ሦስት ቀን ሆኖታል። የጠሩት ሳዮ የሞተችበት ግቢ ባለቤት ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ናቸው፤ ዌስትላንድስ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው።

«ባንቴ፣ ያንን ልጅ አድንልኝ። ነገ ሊከሱት ነው» አሉት።

ልጁ ቶሞያ ነው። እሱና ሳዮ ከጃፓን መጥተው እዚሁ ግቢ ባለው ስቱዲዮ የእንጨት ቅብ ጥበባቸውን የሚያጠኑ ወጣቶች ነበሩ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ በሥራ ክፍሏ ሞታ ያገኛትም እሱ ነው። ጂኮ በሚባለው የከሰል ምድጃ ላይ ከሰል እየነደደ ነበር፤ የመስኮቱ ክፍተት ሁሉ ከውስጥ በወረቀት ታሽጓል። በዚያው ሳምንት ሁለቱ ለአንድ የኤግዚቢሽን ቦታ ተሻምተው ተጣልተዋል። ለፖሊስ ይህ በቂ ሆነ፤ የቶሞያን ፓስፖርት ወሰዱ።

ባንታየሁ ዛሬ ኢምባካሲ የመጋዘን ጥበቃ ኃላፊ ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት መርማሪ ነበር። ሰው ሲያናግር ከፊቱ ይልቅ እጁን ያያል።

«ወረቀቱን ማን ለጠፈው?» አለው ቶሞያን።

«ራሷ ናት። የእንጨት ሰሃን የምንቀባበት የዛፍ ሙጫ የሚደርቀው በሙቀትና በእርጥበት ነው። ነፋስና አቧራ ያበላሸዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ክፍሉን እናሽጋለን።»

«በምን ታሞቀው ነበር?»

«በኤሌክትሪክ ማሞቂያ።»

«ሙጫው ሰው ይጎዳል?»

«ያልለመደ ሰው እርጥቡን ከነካ እጁ ያብጣል፣ ያሳክከዋል። ግን ከቀናት በኋላ ነው። እኛ ለምደነዋል።»

በክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰሃኖች ከወለል ተነሥተው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። በሁለቱ ጠርዝ ላይ ሙጫው እርጥብ ሳለ የታተመ የአውራ ጣት ምልክት አለ።

የስቱዲዮው ኃላፊ ኢዮኤል ናይሮቢ ያደገ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ስቲማ የለም፤ መብራት ጠፍቶ ዋለ። ሳዮ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ቀን ተኛች። እኔ ታውን ነበርኩ፣ አይ ስዌር!»

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ጓንት አጥልቀዋል። «ዘይት ፈንጥቆብኝ ነው» አሉ፤ እያወሩም በጓንቱ ላይ ያክኩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሳዮ እናት ከኤርፖርት መጡ። ባንታየሁ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበ። በእንግሊዝኛ ሲናገር ቶሞያ ለእናትየዋ በጃፓንኛ ይተረጉም ነበር።

«ወረቀቱን የለጠፈችው ሳዮ ናት፣ ለሥራዋ ብላ። ከሰሉን ግን አላስገባችም፤ አመዱ እርጥብ ሙጫ ላይ ያርፋላ። ያስገባው ሰው ሰሃኖቹን እሳት እንዳይነካቸው አንሥቷል። ሊገድል የመጣ ሰው ለሰሃን አይጨነቅም። ቶሞያ ደግሞ እርጥቡን ጠርዝ በጣቱ አይዝም። የያዘው ሙያውን የማያውቅ፣ ሳዮን ግን የሚወድ ሰው ነው። ኢዮኤል፣ እጅህን አሳየን።»

የኢዮኤል እጅ ንጹሕ ነበር።

«እትዬ ዓለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጓንቱን ያውልቁት። ዘይት ያቃጥላል እንጂ እንዲህ አያሳክክም።»

አወለቁት። አውራ ጣቶቻቸው አብጠው ውኃ ቋጥረዋል።

«መብራት ጠፍቶ ክፍሉ በርዶ ነበር» አሉ። «ቅዝቃዜ ሥራዬን ያበላሽብኛል ስትል ሰምቻታለሁ። ከሰል እንደሚገድል አጥቼው ነው? የላይኛውን መስኮት በውጭ በኩል ከፍቼ ነው ወደ ሥራዬ የሄድኩት! ከውስጥ መጋረጃው ወረቀቱን ሸፍኖት፣ ከውጭም ስቸኩል አላየሁም። እግዚአብሔር ያውቃል አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልናገር ስል አፌ ይያዛል። ልጁ ሊታሰር ሲሆን ጨነቀኝ። አንተ ታገኘዋለህ ብዬ ጠራሁህ።»

ባንታየሁ ብዙ ገዳይ አጋልጧል። እንደዚያን ቀን ግን ሥራውን ጠልቶት አያውቅም።

እናትየዋ አንድ ነገር ጠየቁ። ቶሞያ ተረጎመ።

«እርስዎ ሲገቡ በርዷት ነበር ወይ? ይላሉ።»

«እግሯን ሰብስባ ነበር የተኛችው» አሉ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ እንባቸው እየወረደ። «ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ክፍሉ ሞቅ ሲል እግሯን ዘረጋች።»

ቶሞያ እያለቀሰ ነገራቸው። እናትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደገናም ንገረኝ አሉት።