የጠፍር ገመዱ ሌላኛው ጫፍ

ኢንስፔክተር ሀዋኒ ረጋሳ ጎባ ከተማ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ያን ጠዋትም እንደ ሌላው ጠዋት ተነሣች። በረንዳው ላይ ያደረው የባልዲ ውሃ ስስ በረዶ ሠርቶ ነበር፤ በጣቷ ሰብራ ፊቷን ታጠበች። የገብስ አጥሚት አሙቃ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ጠጣች። ጉሙ ከተራራው ወርዶ የጎረቤቱን ጣሪያ ሸፍኖታል። ኩባያውን አጠበች፤ ጫማዋን ቀባች፤ ሸሚዟን ተኮሰች። ስልኩ ሲጠራ፣ ከተነሣች ጀምሮ አንድም ቃል ስላልተናገረች ድምፅዋ ጎርነን ብሎ ወጣ።

«አቤት።»

«አካም ቡልተን፣ ኢንስፔክተር? ባዳሳ ነኝ።»

«ደህና። ምን ተገኘ?»

«ሬሳ ነው። ሌሊት ከሶፍ ዑመር መጥቶ እዚያው ጎባ ሆስፒታል ገብቷል። ገዳዩም ታውቋል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ?»

ሳጅን ባዳሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሸሸበት ቦታ ነው ያስቸገረኝ።»

«የት ነው?»

«ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ሟቹ ኦቦ ዳቢሴ ይባላሉ። ሶፍ ዑመር ተወልደው፣ ሮቤ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ባዳሳ የሰማውን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነገራት፤ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከመጨረሱ በፊት «አሉ» ይጨምርበታል።

«ዋሻው ውስጥ አንድ ክፍል አለ አሉ። ግድግዳው ውስጥ ዘልቆ የሚገባ የጠፍር ገመድ ነበር፤ ለኦቦ ዳቢሴ ከአባት ከአያት የወረደ። አንዱ ጫፍ ማዶ፣ በድሮው ዘመን፣ ድንጋይ ላይ ታስሯል። ይኸኛውን ጫፍ ሕይወት ያለው ሰው ሲይዘው ግድግዳው ያሳልፋል አሉ። ገመዱን ተከትለው ይሻገራሉ፤ ገመዱን ተከትለው ይመለሳሉ።» ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ከዚህ ጊኒር ለመድረስ ሁለት መኪና እቀይራለሁ። እነሱ ሦስት መቶ ዓመት በአንድ ገመድ!»

«እነሱ እነማን ናቸው?»

«ኦቦ ዳቢሴ ያመኗቸው ሦስት ሰዎች። ፌበን፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው። ጀሊል፣ ጨርቅ ነጋዴው። ሳላሀዲን፣ ጋሪ ጠጋኙ። ሽማግሌው ገመዱን ይዘው እዚህ ይቀመጣሉ፤ ሦስቱ ይሻገራሉ። ትናንት ግን ሁለቱ ብቻ ተመለሱ። ሳላሀዲን ኦቦ ዳቢሴን ገድሎ፣ ገመዱን ቆርጦ ማዶ ቀረ ይላሉ።» ከከረጢት ውስጥ የጠፍር ቁራጭ አወጣ። «ጀሊል ያስረከበን ይህን ነው።»

ሀዋኒ ቁራጩን ዘረጋችው። ከእጇ ርዝመት ብዙም አይበልጥም። አንደኛው ጫፍ በብዙ ሰዎች መዳፍ ታሽቶ እንደ ቀንድ ያበራል፤ ሌላው ጫፍ አዲስ ቁርጥ ነው። ወደ ሬሳው ገባች።

ሽማግሌው ነጭ ሸማ ለብሰዋል፤ ተጓዦቹ ወደ ማዶ ሲሻገሩ የሚለብሱት ነው አላት ባዳሳ። ፀጉራቸው እንደ ባዘቶ ነጭ ነው። የተመቱት ከኋላ፣ ማጅራታቸው ላይ ነው። ራሳቸው ከዐናት እስከ ማጅራት ቅቤ ተቀብቷል፤ ቅቤው የዕፅ ጭስ ይሸታል። ሀዋኒ ጓንት አጥልቃ ቅቤውን በጥንቃቄ ገፋችው። ከሥሩ ደም ነበር፣ ደርቆ። ቅቤው ላይ ግን የደም ጠብታ አልነበረም። በቅቤው ውስጥ ጥቂት ፀጉሮች ተጣብቀዋል፤ አጫጭር፣ ጥቁርና ጥቅልል።

«ይህን ለይታችሁ አስቀምጡልኝ» አለች።

ፌበንን ሮቤ፣ ቤቷ አገኘቻት። ዓይኖቿ አብጠዋል። ረጃጅም ሹሩባዋ ያንኑ የዕፅ ጭስ ይሸታል።

«አልታጠብሽም።»

«አልቻልኩም፤ ከማዶ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው» አለች ፌበን።

«ቅቤውን ማን ቀባሽ?»

«አስተናጋጆቻችን። ማዶ፣ ዋሻው አፍ ላይ ሁልጊዜ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ማንም እንግዳ ራሱን ቅቤ ሳይቀባ አያልፍም። መጥረግም ነውር ነው፤ ቤታችን እስክንገባ አንነካውም። መጀመሪያ ቀን ሳላሀዲን ‹እንግዲህ ሙሽራ ሆንን!› ብሎ አሳቀን።» ፈገግታዋ ቶሎ ጠፋ።

«ትናንት ምን አየሽ?»

«ራሴን አመመኝና ቀድሜ ተመለስኩ። ኦቦ ዳቢሴ ገመዱን ይዘው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ‹ሂጂ ልጄ፣ መኪናው ውስጥ እረፊ› አሉኝ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ጀሊል ሲጠራኝ ፀሐይዋ ዞራ ነበር። ስገባ ኦቦ ዳቢሴ ወድቀዋል።»

«ኦቦ ዳቢሴ ራሳቸው ሲሻገሩ አይተሻቸዋል?»

«አላየሁም። ጀሊል ነው የነገረኝ።»

«ታምኚዋለሽ?»

ፌበን ለአፍታ ጣቶቿን ተመለከተች። «ኢንስፔክተር፣ እኛ የተማመንነው ተለማምደን አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ስለሌለን ነው። ገመዱን የያዘው ሰው ነፍስዎን ይዟል። እንዲህ ከኖሩ በኋላ አንዱን መጠርጠር እንዴት ይጀመራል?»

ጀሊል ሱቁን አልዘጋም። ኮፍያውን አስተካክሎ ወንበር አቀረበላት፤ አነጋገሩ ረጋ ያለ ነው።

«ፌበን ከወጣች በኋላ እኔም ተመለስኩ። ሳላሀዲን ቆየብን። ኦቦ ዳቢሴ ‹ያዝልኝ፣ እኔው ላምጣው› ብለው ገመዱን ሰጡኝና ተሻገሩ። ጩኸት ሰማሁ። ወዲያው ገመዱን ይዘው እየተንገዳገዱ ወጡ፤ እግሬ ሥር ወደቁ፤ ‹ሳላሀዲን መታኝ› አሉ፤ ሞቱ። ገመዱ ላላ። ስስበው ያ ቁራጭ ብቻ መጣ። ሮጬ ፌበንን ጠራሁ።»

«በመሐል የቆየህበት ጊዜ የለም?»

«ወላሂ፣ ትንፋሽ እንኳ አልወሰድኩም።»

«ሳላሀዲን ለምን ይመታቸዋል?»

«መመለስ አልፈለገማ! ማዶ ጋሪ የለም፣ ፈረስ ግን አለ፤ ልቡ እዚያ ቀርቶ ነበር። በግድግዳው በኩል ጮኾ ‹ፈርዶሳን ፈትቻታለሁ በላት› ብሏል። እንዲህ ያለ አደራ አድርስ ይባላል? የልጅነት ጓደኛዬ እኮ ነው።»

ፈርዶሳ የሳላሀዲን ሚስት ናት። ልብስ ትሰፋለች። ሀዋኒ ስትገባ የስፌት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ በሩ ሥር አዲስ የዱቄት ከረጢት ቆሟል።

«ጀሊል ነው ያመጣው» አለች ፈርዶሳ፣ የሀዋኒን ዓይን ተከትላ። «አላህ ይስጠው። ሰዉማ የገዳይ ቤት ብሎ መምጣቱን ትቷል።»

«ፈትቶሻል የተባለውንስ አመንሽ?»

«ሳላሀዲን ቢፈታኝ ፊቴን እያየ ነው የሚፈታኝ ብዬ ነበር የማስበው።» መሐረቧን አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። «እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ ይንገሩኝ እስቲ። ፈትቶኝ ከሆነ ዒዳዬን፣ የፍቺ ወራቴን ልቁጠር። ሞቶ ከሆነ ላልቅስ። ሚስቱ ከሆንኩ ልጠብቀው። ሦስቱንም በአንድ ቤት እንዴት ልያዛቸው?»

ሀዋኒ ሰው የጎደለበት ቤት ድምፅ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ስለዚህ ለመሄድ አልቸኮለችም። ዘግይታ ጠየቀች፤

«ፀጉሩ ምን ዓይነት ነው?»

«የሳላሀዲን? ፀጉር የለውማ። ሙልጭ አድርጌ የምላጨው እኔ ነኝ። የሄደ ዕለትም ጠዋት ላጭቼዋለሁ። ‹በደንብ አድርጊው፣ ለቅቤው እንዲመች› እያለ ሲያስቀኝ፣ ጆሮውን ልቆርጠው ነበር።»

ሀዋኒ ከወንበሯ ተነሣች። «ነገ ከእኔ ጋር ሶፍ ዑመር ትሄጃለሽ።»

በማግስቱ ሁሉም ዋሻው ውስጥ ተሰበሰቡ። ባዳሳ ሁለት ፋኖስ አበራ። የዌብ ወንዝ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ክፍሉ መሐል ኦቦ ዳቢሴ ይቀመጡበት የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ከፊቱ፣ ራቅ ብሎ፣ ግድግዳው። ፌበን ወደ ግድግዳው ማየት አልቻለችም። ጀሊል ከፈርዶሳ ጎን ቆመ።

«ጀሊል፣ ገመዱን ይዘህ የተቀመጥከው የት ነበር?» አለች ሀዋኒ።

«እዚህ። ድንጋዩ ላይ።»

«ተቀመጥ።» ተቀመጠ። የጠፍሩን ቁራጭ ሰጠችው። «የለሰለሰውን ጫፍ ያዝ፤ የመያዣው ጫፍ እሱ ነው። ባዳሳ፣ ሌላውን ጫፍ ወደ ግድግዳው ውሰደው።»

ባዳሳ ጫፉን ይዞ ሄደ። ሁለት ጊዜ ሳይራመድ ጠፍሩ ተወጠረ። በእሱና በግድግዳው መካከል አንድ ጋሪ ከነፈረሱ የሚቆምበት ቦታ ቀርቷል።

«ሳላሀዲን ማዶ ሆኖ ቢቆርጠው፣ አንተ ስትስበው ቢያንስ ከግድግዳው እስከ ድንጋዩ የሚደርስ ገመድ ይመጣል። ይህ ግድግዳው ጋ እንኳ አይደርስም። የተቆረጠው እዚህ፣ ከያዡ እጅ አጠገብ ነው። ቀሪው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ጠፋ።»

«እኔ... በጨለማ ምን አውቃለሁ?»

«አሁን ወደ ቅቤው ልምጣ። ማዶ የሚሻገር ሁሉ መጀመሪያ ቅቤ ይቀባል። ኦቦ ዳቢሴ ተሻግረው ቢሆን ኖሮ ተቀብተው ነው የሚመቱት፤ ደሙ በቅቤው ላይ ይፈስ ነበር። እኔ ያየሁት ደሙን ከሥር፣ ቅቤውን ከላይ ነው። መጀመሪያ ተመቱ፤ በኋላ ተቀቡ። ሰው ከሞተ በኋላ እንኳን ደህና መጣህ ይባላል?»

ጀሊል ቀና አለ። «ቁስል ላይ ቅቤ ይደረጋል! በአርሲም በባሌም እናቶቻችን የሚያደርጉት ነው። ማዶዎቹ አዝነው ቀብተዋቸው ይሆናል።»

«እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ አመንኩት» አለች ሀዋኒ። «ግን ደሙ ደርቆ ነበር። አንተ ደግሞ ተመትተው ወዲያው ወጡ፣ ትንፋሽ አልወሰድኩም ብለኸኛል። ደሙ መቼ ደረቀ? ፌበን እንደምትለው ፀሐይዋ እስክትዞር ድረስ ማንም አልጠራትም። ያን ጊዜ ሁሉ ሬሳውን ሸማ ስታለብስ ነበር። ቅቤ ከሌለባቸው ፌበን ‹አልተሻገሩም› ትላለች ብለህ ፈራህ። ጥንቁቅ ሰው ነህ። ባትቀባቸው ኖሮ እኔ የማዶን ልማድ እንኳ ባልጠየቅሁ።»

«እዚህ ዋሻ ውስጥ ቅቤ ከየት አመጣለሁ?»

«ከራስህ። የማዶ ቅቤ ያለው ከተሻገረ ሰው ራስ ላይ ብቻ ነው። በቅቤው ውስጥ አጫጭር ጥቁር ፀጉሮች ነበሩ። የኦቦ ዳቢሴ ፀጉር ነጭ ነው። የፌበን ሹሩባ ወገቧ ይደርሳል። ሳላሀዲን ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት ተላጭቷል።»

ፈርዶሳ ድንገት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ኮፍያህን አውልቅ» አለ ባዳሳ።

ጀሊል አላወለቀም። ሀዋኒም አላስገደደችውም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ለምን የሚለው ነበር ያስቸገረኝ። ‹ሳላሀዲን ገደለ› የሚለው ለፖሊስ ይበቃል። ‹ፈትቻታለሁ› የሚለው ግን ለፖሊስ ምንም አይጠቅምም። ማንን ይጠቅማል? ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ የዱቄቱን ከረጢት አየሁ።»

ፈርዶሳ ከጀሊል ጎን ፈቀቅ አለች። ያቺ አንድ እርምጃ ናት ጀሊልን የሰበረችው።

«ኦቦ ዳቢሴን ልገድል አልመጣሁም» አለ፣ ድንጋዩን እያየ። «‹ይልቀቁት፣ ሳላሀዲን እዚያ ይመቸዋል› አልኳቸው። ‹ሰው አምኖኝ የገባበትን ገመድ የሚለቅ እጅ የለኝም› አሉኝ። በድንጋይ መታኋቸው። ወድቀው እንኳ አለቀቁትም። ስለዚህ ከእጃቸው ሥር ቆረጥኩት።»

«ሳላሀዲንስ?» አለች ፈርዶሳ። «ፈትቻታለሁ አለ?»

«አላለም።»

«ምን አለ?»

«ምንም አልሰማሁም።»

«ጀሊል።»

«ገመዱ ይንቀሳቀስ ነበር» አለ ጀሊል። «እየመጣ ነበር።»

ባዳሳ እጁን ይዞ አስወጣው። ፌበን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ፈርዶሳ ግድግዳው ጋ ሄዳ ሁለት መዳፏን አሳረፈችበት፤ እንደ ማንኛውም ዓለት ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ፌበን ከመኪናው አዲስ ገመድ አምጥታ አንዱን ጫፍ ያዘች፤ ፈርዶሳ ሌላውን ይዛ ገፋች። ሀዋኒም ተራዋን ያዘች፤ በሕይወቷ እንዲህ አጥብቃ የያዘችው ነገር ትዝ አላላትም። ዓለቱ አልተከፈተም። ማዶ፣ ድንጋዩ ላይ የሚያስረው ሰው ከሌለ አዲስ ገመድ መንገድ አይሆንም።

«የባልሽ ስም ንጹሕ ነው» አለች ሀዋኒ በመጨረሻ። «ሚስቱ ነሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ፈርዶሳ፣ እጇን ከዓለቱ ሳታነሣ።

ኦቦ ዳቢሴ በተወለዱበት መንደር ተቀበሩ። ጀሊል ሮቤ ታስሯል። ፌበን ወደ ማስተማሯ ተመልሳለች። ጋሪ ጠጋኙ ሳላሀዲን ግን በዚህ ዘመን የለም።