ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ጆንያዎች

ጎንደር አጠገብ፣ ጠዳ ላይ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። መብራት ሲመጣ ይፈጫል፣ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል። እህል ይዞ የመጣ ሰው ጆንያውን ከመጨረሻው ጆንያ ኋላ ያቆምና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ገበያ ደርሶ ሲመለስ ጆንያው ወደ ፊት ተገፍቶ ይጠብቀዋል እንጂ ወደ ኋላ ተጎትቶ አያገኘውም፤ ከኋላው ያለው ሰው የራሱን ሲያስጠጋ የእሱንም ያስጠጋለታልና። ሰውየው ባይኖርም ተራው አለ። ይህን ተራ አልፈው እንዲገቡ የሚፈቀድላቸው ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ የለቅሶ ቤትና የአራስ ቤት። ለእነሱ የተሰለፈው ሁሉ ሳይጠየቅ መንገድ ይለቃል። ብር ስላለኝ ልለፍ የሚል ሰው ግን ምን እንደሚደርስበት አሁን እነግራችኋለሁ።

የወፍጮ ቤቱ ተራ አስከባሪ አያ አወቀ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ የሾማቸውም የለም። በሩ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጠብ ሲነሳ የእሳቸው ቃል ይጨርሰዋል፤ በቃ።

ባለፈው ክረምት ዓይናቸው ታመመ። ጎንደር ሄደው ሲታዩ ሐኪሙ እውነቱን አልደበቃቸውም። በሽታው የዓይን ግፊት ነው፤ የግራው ጠፍቷል፤ የቀኙም ብርሃን እየጠበበ ነው፤ ጠብታው ጥቂት ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አይመልሰውም። አያ አወቀ ይህን ሰምተው አላለቀሱም። ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ ልጃቸውን ሐረገወይንን እንዲህ አሏት።

“ሐረግ፣ ይህችን አገር ዕድሜዬን ሙሉ ከእግሬ ሥር ነው ያየኋት። ሳትጨልምብኝ አንድ ጊዜ ከላይ ሆኜ ብመለከታት ሸጋ ነበር።”

ሐረገወይን አዘዞ ውስጥ የምታስተምር መምህርት ናት። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አላት። ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ኮረብታ ላይ፣ ከፍታ የሚባል መዝናኛ ፓርክ ተከፍቷል። እዚያ ወንበሮች የተንጠለጠሉበት ትልቅ መንኮራኩር አለ፤ ሰው ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከጫፉ ላይ የጠዳ ሜዳ ወለል ብሎ እንደሚታይ፣ አየሩ ጥሩ ሲሆን ደግሞ ጣና እንደሚያብለጨልጭ የወጡት ሁሉ ይናገራሉ። አያ አወቀ ጣናን አይተው አያውቁም።

የመስቀል ማግሥት ሄዱ። ዝናቡ አባርቶ፣ ሰማዩ ታጥቦ፣ ማዶው ሁሉ ቅርብ መስሎ የሚታይበት ሰሞን ነው። ትኬት ቆርጠው ተሰለፉ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቢሆንም ለሰልፍ አዲስ ያልሆኑት አያ አወቀ ቅር አላላቸውም። ቅር ያላቸው ሌላ ነገር ነው። በሰልፉ ጎን በገመድ የተከለለ ባዶ መንገድ አለ፤ በዚያ መንገድ ሰዎች እየሳቁ ይመጡና ቀጥ ብለው ወንበሩ ላይ ይወጣሉ።

“እነዚህ እነማን ናቸው? ለቅሶ አለባቸው እንዴ?” ሲሉ ጠየቁ።

“አይ አባዬ፣ ክንዳቸው ላይ ቀይ የፕላስቲክ አምባር አለ። እሱን የገዛ ሰው አይሰለፍም።”

“ገዝቶ?”

“አዎ፣ ገዝቶ።”

ሽማግሌው የተደገፉትን ዱላ መሬት ላይ ጫን አደረጉ።

እኩለ ቀን ሲያልፍ ሽንት ቤት መሄድ ፈለጉ። ብቻቸውን መሄድ ስለማይችሉ ሐረገወይን ክንዳቸውን ይዛ መምራት ነበረባት። ስለዚህ አያ አወቀ በአገራቸው ወግ ዱላቸውን ከቆሙበት ቦታ መሬት ላይ አጋደሙና ከኋላቸው ላለችው ሴት “እባክሽ ልጄ፣ ስትጠጊ ገፋ አድርጊልኝ” ብለው ሄዱ።

ሲመለሱ ዱላው የለም።

“ጥበቃው ወስዶ ከአጥር ውጭ ወረወረው። የሰው ተራ ነው ብንለው አልሰማንም” አለች ሴትዮዋ።

ጥበቃው ቆጣ አለ። “ዱላ ይሰለፋል እንዴ? ሰው ከሰልፍ ከወጣ ወጣ ነው። ወደ መጨረሻ!”

ጫጫታው ሲበዛ የፓርኩ ባለቤት መጣ። ፋንታሁን ይባላል፤ ጠዳ ተወልዶ ያደገ፣ ጎንደር የከበረ ሰው ነው። ሽማግሌውን ልብ ብሎ አላያቸውም፤ ያየው የተንጫጫውን ሰልፍ ብቻ ነው።

“ምን ያጨቃጭቃል? ቀይ አምባር ግዙና አሁኑኑ ውጡ። ዘመናዊ አሠራር ነው፤ በውጭ አገር ሁሉ እንዲህ ነው። የቸኮለ ይከፍላል፣ ያልቸኮለ ይጠብቃል፤ ሁሉም ይረካል።”

“አባቴ ዓይናቸው እየጠፋ ነው” አለች ሐረገወይን። “የመጡት ለጨዋታ አይደለም። ብርሃኑ ሳይሄድ...”

“እህቴ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ችግር በር ብከፍት ፓርክ ሳይሆን መጦሪያ ቤት ነው የሚሆነው።”

ሐረገወይን ጥርሷን ነክሳ ቦርሳዋን ከፈተች። አያ አወቀ ግን የቦርሳው ድምፅ ሲሰማቸው እጇን ያዙት።

“ዝጊው። ይህ ሁሉ ሰው ከጧት ጀምሮ ቆሞ እኔ በብር ልለፈው? ተይ ልጄ። ወደ መጨረሻው ምሪኝ።”

መጨረሻው ላይ ቆሙ። ቀይ አምባር እየመጣ ያልፋል፣ ቀይ አምባር እየመጣ ያልፋል፤ የእነሱ ሰልፍ እንደ ተተከለ ቆየ። ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ ማዶው ደበዘዘ። በእንፉቅቅ መግቢያው ገመድ ጋ ሲደርሱ ጥበቃው ገመዱን አሰረና “ተዘግቷል፤ ነገ ኑ” አለ። በዚያው ቅጽበት የመንኮራኩሩ መብራቶች ቦግ አሉ።

“ይህን መብራት አየሁት” አሉ አያ አወቀ።

አሁን ስለ እርካታ ልንገራችሁ፤ ፋንታሁን ይህን ቃል ይወደዋልና። ከመንኮራኩሩ በሚወረድበት በር አንድ ሰሌዳ ተተክሏል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ላይ የሳቀ ፊት፣ ሌላው ላይ ያኮረፈ ፊት ተስሎበታል። የወረደ ሰው ስሜቱን ይጫናል። የሚወርደው ወጥቶ ያየ ሰው ነውና የሳቀውን ይጫናል። ሳይወጣ የተመለሰ ሰው የሚሸኘው በሌላ በር ነው፤ እዚያ ሰሌዳ የለም። ፋንታሁን ማታ ማታ ሰሌዳውን እያየ “ደንበኞቼ ረክተዋል” ይል ነበር። ያስከፋችሁትን ሰው ሳትጠይቁ፣ ያስደሰታችሁትን ብቻ እየጠየቃችሁ ረክተዋል የምትሉ ሁሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱም በየአገልግሎት መስጫውም ያላችሁ፣ ይህ ሰሌዳ የእናንተም ነው።

አያ አወቀ ሰው በብር በሚታለፍበት ሰልፍ ዳግም አልቆምም አሉ፤ የገና በዓል ሳይደርስም ቀኝ ዓይናቸው ጨለመ።

ጥር ገባ፤ ሠርግ በሠርግ ሆነ። የፋንታሁን ታናሽ እህት ኤሌኒ ልትዳር ነው። እናታቸው እማ ባንቺአየሁ ጠዳ ስለሚኖሩ ድግሱ እዚያው ነው። የድግሱን እህል አስጭነው ወደ ወፍጮ ቤት ላኩ፤ ሠራተኞቹም ጆንያዎቹን ከመጨረሻው ጆንያ ኋላ ደርድረው ሄዱ።

“የማን እህል ነው?” አለች እታገኘሁ። እታገኘሁ ምላሷን የሚችለው የሌለ የሠፈሩ ሴት ናት።

“የነፋንታሁን። ለኤሌኒ ሠርግ።”

“የባለመንኮራኩሩ?”

ያረጀ ቀይ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች፤ ጫፉን በጥርሷ ቀደደችው፤ ቅዳጁን ገና አሁን ባመጣችው በራሷ ጆንያ አፍ ላይ አሰረችና ጆንያውን እየጎተተች ከፋንታሁን ጆንያዎች ፊት አቆመችው።

“ቅድሚያ አለኝ!” አለች።

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቀጥላ የመጣችው ሴትም ቅዳጅ ለመነች። ከእሷ ቀጥላ የመጣችውም። ሻሹ አልቆ የቀይ ክር ልቃቂት መጣ። በነጋታው ጠዳ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ያላሰረ ጆንያ የፋንታሁን ብቻ ሆነ፤ የመጣው ሁሉ እያለፈው ይገባል። አንዲት ሴት ብቻ አላስችል አላትና “ኧረ እናንተ፣ ሙሽራይቱ ምን አደረገች?” አለች።

“አያ አወቀስ ምን አደረጉ?” አለች እታገኘሁ።

አያ አወቀ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጆንያ ሲጎተት ይሰማሉ፤ ሳቁን ይሰማሉ። አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ሠርጉ ሲቃረብ፣ ዱቄትም ጠፍቶ ጠላም ሳይጠነሰስ ሲቀር ፋንታሁን በመኪናው ከተፍ አለ። ጆንያዎቹ ከተቀመጡበት ፎቀቅ አላሉም።

“እዚህ ቤት ሥርዓት የሚያስከብር ሰው የለም?” ብሎ ጮኸ።

“እኔ ነበርሁ” አሉ አያ አወቀ።

“ታዲያ አያ፣ ይህ ሁሉ ጆንያ የኔን ሲያልፍ ዝም ብለው ያያሉ?”

“ዓይን የለኝም ልጄ። ማን ማንን እንዳለፈ በምን ልየው?”

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ፋንታሁን ያኔ ሽማግሌውን ልብ ብሎ አያቸው፤ ወደ ሰልፉ መጨረሻ የተላኩት እሳቸው እንደ ነበሩም ገባው። ደነገጠ፤ ቢሆንም የለመደው መንገድ ስላልተወው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

“እሺ፣ የሁላችሁንም የማስፈጫ ዋጋ እኔ እከፍላለሁ። አሳልፉኝ።”

እታገኘሁ ቃሉን ከሐረገወይን ሰምታ ይዛው ነበር። ወገቧን ይዛ ድምፁን አስመስላ መለሰችለት። “ምን ያጨቃጭቃል ጌታው? ዘመናዊ አሠራር ነው፤ በውጭ አገር ሁሉ እንዲህ ነው!”

“መኪና አለኝ እኮ! አዘዞ ወስጄ አስፈጨዋለሁ!”

“ውሰደው። ጠላውን ግን ማን ይጠምቅልሃል? ወጡን ማን ይሠራልሃል? ሠርገኛው ማን መሰለህ? እኛው ነን።”

በዚህ መካከል አንድ ሰው አነስተኛ ጆንያ ተሸክሞ ገባ። “የለቅሶ ቤት ነው” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሳቁ ጸጥ አለ። ሴቶቹ ቀይ ጨርቅ ያሰሩትን ጆንያዎቻቸውን ወደ ጎን ጎተቱ፤ ሰውየው አለፈ። ያስከፈለው የለም፤ ማስረጃ የጠየቀውም የለም። ፋንታሁን ይህን ቆሞ አየ።

እማ ባንቺአየሁ ደግሞ እግር በእግር ደረሱ።

“ምነው እናንተ? ምን በደልናችሁ?”

ሁሉም ወደ ፋንታሁን አየ። እናትየው ልጃቸውን አፍጥጠው “ምን አደረግህ?” አሉት። እሱ ሲንተባተብ እታገኘሁ ዱላውን፣ አምባሩን፣ የተዘጋውን ገመድ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እማ ባንቺአየሁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደ ለቀስተኛ ለበሱ።

“አባትህ በሞተ ጊዜ” አሉ፣ “የለቅሶውን እህል ከሰው ሁሉ ፊት ያስገቡልን እኒህ ሰው ናቸው። አንተ እሳቸውን ከሰው ሁሉ ኋላ አደረግሃቸው። አንተም ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመህ ጆንያዎቼን በተራቸው ጎትት። በገዛ እጅህ። እስኪፈጩም ከዚህ አትንቀሳቀስ።”

ፋንታሁን ኮቱን አውልቆ ጎተተ። ዱቄት እንደ ለበሰ እዚያው ዋለ፤ ሴቶቹም እስኪበቃቸው አላገጡበት። ይቅር ማለት ደግ ነው ትሉኛላችሁ። እኔ ግን ያንን ቀን ሳስብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። በሰው ጫንቃ ላይ ተረማምዶ የሚያልፍ ሰው፣ ጫንቃ ምን ያህል እንደሚያም የሚያውቀው በራሱ ላይ ሲረገጥበት ነው።

አመሻሽ ላይ ከድንጋይዋ አጠገብ ተንበረከከ።

“አያ፣ በድዬዎታለሁ። አምባሩን ከነገ ጀምሮ አስቀረዋለሁ። እርስዎንም በመኪናዬ ወስጄ፣ ፓርኩን ዘግቼ፣ ብቻዎን...”

“ብቻዬን አልወጣም” ብለው አቋረጡት። “አምባሩን ብታስቀር የራስህ ጽድቅ ነው። የኔ ካሳ ሌላ ነው። ከኔ ጋር ትሰለፋለህ። ከኔ ጋር ትወጣለህ። ላይ ስትደርስ ያየኸውን ትነግረኛለህ።”

ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ሰው ሁሉ እያያቸው ተሰለፉ። በገመድ የተከለለው መንገድ ፈርሶ ነበር። አያ አወቀ የባለፓርኩን ክንድ ይዘው ቆሙ፤ የቆሙትም እግራቸው እስኪዝል ነው። ወንበሩ ይዟቸው ወጣ፤ ነፋሱ በረታ፤ ጫፉ ላይ ቆመ።

“ምን ይታያል?”

“ከተማው፣ ቆርቆሮው፣ መንገዱ...”

“ጠዳስ?”

“ያቺ ትመስለኛለች።”

“ትመስለኛለች አትበለኝ። ቤተ ክርስቲያኗ በየት በኩል ናት? እናትህ ቤት ያለው ባሕር ዛፍስ?”

ፋንታሁን አይቶ፣ አይቶ፣ አልለየውም። በየቀኑ ሰው ወደ ላይ የሚልክ ሰው አገሩን ከላይ ሆኖ አይቷት አያውቅም ነበር።

“ጣናስ?”

“ጉም ይዞታል፤ አይታይም።”

“በመስቀል ማግሥትስ ይታይ ነበር?”

ፋንታሁን ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ።

“እየጠየቅሁህ ነው። ይታይ ነበር?”

“ይታይ ነበር፣ አያ።”

“ሸጋ። ይህን ከአፍህ መስማት ፈልጌ ነው።”

ወረዱ። መውጫው ላይ አያ አወቀ ቆም አሉና “ስሜት የሚጫኑበት አለ ይላሉ። ያኮረፈው የትኛው ነው?” ብለው ጠየቁ። ፋንታሁን የሽማግሌውን ጣት ያዘና፣ አቧራ በለበሰው ቁልፍ ላይ ራሱ አስጫናቸው።

ከዚያ ወዲህ ከፍታ ፓርክ ውስጥ ቀይ አምባር የለም። ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ ሳይጠየቅ ያልፋል፤ ሌላው በተራው ይወጣል። ዱላ መሬት ላይ ተጋድሞ ቢገኝ ጥበቃው ገፋ አድርጎ ያስጠጋዋል። ፋንታሁን ተምሯል። የአያ አወቀ ዓይን ግን አልተመለሰም። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ የጎን በር የምትሸጡ፣ በዚያም በር የምትገቡ፣ ከፊታችሁ የቆመው ሰው ምን ያህል ብርሃን እንደቀረው ሳታውቁ አትለፉት።